ስለ ስልሳ ሁለቱ ባርኔጣዎችና ስለ ቶማሳ ሦስት ጣቶች

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9። ከወደቡ የመጣው ጭጋግ እስከ ቀትር አልገፈፈም፤ ከዚያ በኋላ ካፊያ ጣለ። የተገኙ፦ ክብርት ዳይሬክተር፣ ፎቶግራፍ አንሺያቸው፣ የዓሣ ቆራጮች አዳራሽ አለቃ ዶን ኤቫሪስቶ ማልዶናዶ፣ የቀን ፈረቃ ሠራተኞች ስልሳ አንድ። ያልተገኘች፦ ቶማሳ ኢሽኮይ፣ እጇ በፋሻ ስለተጠቀለለ።

ለክብርት ወይዘሮ ሜሪዲት ኮልበርን
የብዝኃነትና የአካታችነት ዳይሬክተር
ኒው ቤድፎርድ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎ እንደምን ነው? ዛሬ በአዳራሻችን ሲዘዋወሩ ያደረጉት ጫማ ስስ ነበርና፣ ወለሉ ላይ የፈሰሰው የበረዶ ውሃ ዘልቆ እንዳላስነጠሰዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ቦት ጫማ ስላለን ደህና ነን። በእርግጥ ከቦቱ በላይ ያለው አካላችንም ይበርደዋል፤ ነገር ግን ስለ እሱ የተቋቋመ ክፍል ስለሌለ ዝም ብለነዋል።

ደብዳቤዬን በቀኑና በአየሩ ሁኔታ መጀመሬ እንዳያስገርምዎት። ባለፈው ክረምት የሂስፓኒክ ሠራተኞች ድጋፍ ቡድንን ሲያቋቁሙ «የእጅ ጽሑፏ ይነበባል» ብለው ጸሐፊ ስላደረጉኝ፣ ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚጀመር የተማርኩት ከእርስዎ ነው። ሌላ የተማርኩበት ቦታ የለም። ፊደል የለየሁት በአገሬ በጓቲማላ፣ በሞሞስቴናንጎ ገበያ ሳሙናና ሻማ ከሚጠቀለልበት ቁራጭ ጋዜጣ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ እዚሁ ከዓሣ ሳጥኖች ላይ ለቅሜዋለሁ። ስለዚህ «በበረዶ ውስጥ ይቀመጥ» የሚለውን በሁለት ቋንቋ ያለ ስህተት እጽፋለሁ፤ ለክቡር ሰው የሚጻፍ ምስጋና ግን አዲሴ ነውና የጎደለውን ይሙሉልኝ።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ባርኔጣዎቹ ነው። ለሂስፓኒክ ቅርስ ወር መታሰቢያ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ፣ ጠርዛቸው ትሪ የሚያክል ስልሳ ሁለት የሳር ባርኔጣ አምጥተውልናል። ከጓቲማላ፣ ከሆንዱራስ፣ ከኤል ሳልቫዶር፣ ከፖርቶ ሪኮና ከሜክሲኮ የመጣን ሰዎች ያለ አንዳች ጠብ በአንድ ባርኔጣ ሥር ስንጠቃለል ይህ የመጀመሪያችን ነው። ችግር የፈጠረው፣ ከፀጉር መረብ በላይ ምንም ነገር እንዳይደረግ የሚከለክለው ደንብ ባርኔጣዎቹ ከተደረደሩበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ መለጠፉ ብቻ ነበር። ዶን ኤቫሪስቶ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ደንብ የሚያከብሩ ሰው ናቸው፤ እርስዎንም ያከብራሉ። ስለዚህ የራሳቸውን ባርኔጣ እንዳደረጉ «ባርኔጣ አውልቁ! ንጽሕና ነው!» እያሉ በመካከላችን መዞር ጀመሩ።

ከሜክሲኮዋ ፑኤብላ የመጣችው ቼላ ይህን አይታ ዝም ማለት አልቻለችም። «ዶን ኤቫሪስቶ፣ እርስዎ መጀመሪያ ያውልቁና እኛ እንከተልዎታለን» አለቻቸው።

«እኔ ፎቶ አልተነሳሁም ገና!»

«እንግዲያው ንጽሕናው ከፎቶው በኋላ ይጀምር ይበሉና!»

እርስዎ በዚያ ሰዓት «እንዴት የሚደሰቱ ሕዝቦች ናቸው» ብለው ለፎቶግራፍ አንሺው ሲናገሩ ሰምቼ በቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሬዋለሁ።

ሁለተኛው ስለ ምሳው ነው። የምሳ ሰዓታችን ግማሽ ሰዓት መሆኑን ያውቃሉ። ሽርጡን፣ እጅጌውን፣ ሁለቱን ጓንትና ቦቱን አውልቆ ታጥቦ ለመውጣት ዘጠኝ ደቂቃ፣ መልሶ ለመልበስ ዘጠኝ ደቂቃ ይሄዳል። በቀረችው አሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የእርስዎን ንግግር ሰማን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ከዚያም ለክብራችን የተዘጋጀውን ምግብ ሮጠን ደረስንበት። ምግቡ የዓሣ ታኮ፣ በበቆሎ ቂጣ የተጠቀለለ ዓሣ፣ ነበር። ክብርት ሆይ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ዓሣ ስንቆርጥ ለቆየን ሰዎች ዓሣ ማቅረብ ያስቻለዎት ሐሳብ ከየት እንደመጣ ሁላችንም ስንገረም ውለናል። ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት ናን ካታሪና ሉሽ (ናን በእኛ እትዬ እንደ ማለት ነው) አንዱን ገልጠው አዩና «ይቺንማ አውቃታለሁ፤ ጠዋት የቆረጥኳት እኔ ነኝ» ብለው በክብር መለሷት። ቼላ ደግሞ የአገሯ ምግብ ነው ስለተባለ ሁሉም አፏን ሲያያት ጊዜ አንድ ጊዜ ነከሰችና «ይሄ ታኮ ከሆነ እኔ የዴንማርክ ንግሥት ነኝ» አለች። ከዚያ ግን በላችው፤ ርቧት ነበር።

እነዚህን የጻፍኩት ለመጫወት ያህል ነው። እርስዎ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዛሬ ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ስም ሳያዩ ከነቤተሰብ ስሜ ጠርተውኛል፣ ይህን ያደረገ አለቃ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አላጋጠመኝም። ስለ ባርኔጣና ስለ ታኮ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ሦስተኛው ነው።

ሦስተኛው ስለ ወረቀቱ ነው። በንግግርዎ መካከል «በእናንተ ቋንቋ አመሰግናለሁ እንዴት ይባላል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ናን ካታሪና «ማልትዮሽ» አሉዎት፤ እርስዎም ደግመው ደግመው ካሉት በኋላ «ስፓኒሽ እንዴት የሚያምር ቋንቋ ነው!» ብለው አጨበጨቡ። እኛም አብረን አጨበጨብን። ስፓኒሽ ግን አልነበረም፤ ኪቼ ነው፣ የጓቲማላ ደጋ የማያ ሕዝብ ቋንቋ። ከስልሳ ሁለታችን ሠላሳ አራታችን አፋችንን የፈታነው በኪቼ ነው። ስፓኒሽን አንዳንዶቻችን በገበያ፣ አንዳንዶቻችን ከአውቶቡስ ሹፌር፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ እዚህ አሜሪካ ከመጣን በኋላ ከዶን ኤቫሪስቶ ቁጣ ነው የተማርነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን «ቶሎ በሉ» የሚለውን አሳምረን እናውቃለን። ከዚያ ያለፈው ግን እንደ ሰዉ ነው።

ይህ ቀድሞ ችግር አልነበረም። አዲስ ማሽን ወይም አዲስ ደንብ ሲመጣ ዶን ኤቫሪስቶ «ኤርሜሊንዳ!» ብለው ይጣሩ ነበር፤ እኔም የተገለበጠ ሳጥን ላይ ቆሜ ለሠላሳ ሦስቱ በኪቼ እነግራቸው ነበር። ድምፄ ትንሽ ስለሆነ ማሽኑ እስኪጠፋ እንጠብቃለን፤ ሰዉ ይጠይቃል፣ እመልሳለሁ፣ የማላውቀውን ዶን ኤቫሪስቶን እጠይቃለሁ። አሥር ዓመት እንዲህ ኖርን። ሥራው ስም አልነበረውም።

ባለፈው ማርች ግን መሥሪያ ቤትዎ የደኅንነት መመሪያዎቹን ሁሉ ወደ ስፓኒሽ አስተረጎመ። በሽፋኑም ላይ «በሠራተኞቻችን አፍ መፍቻ ቋንቋ» ተብሎ ታተመ። በዚያው ቀን «የባህሎች ድልድይ» የሚል፣ በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ሸልመውኝ፣ ከእንግዲህ በመተርጎም እንደማልደክምና ማረፍ እንደምችል ነገሩኝ። ድልድዩ በተመረቀበት ቀን ተዘጋ ማለት ነው። የምስክር ወረቀቱን አመሰግናለሁ፤ ቤቴ ግድግዳ ላይ፣ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ ሸፍኖልኛል።

አሁን ወደ ቶማሳ ልምጣ።

ቶማሳ ኢሽኮይ ከእኔ በሁለት ሰው ርቀት ላይ ቆማ ዘጠኝ ዓመት ዓሣ ቆርጣለች። ቢላዋ የያዘ እጅ እንደ እሷ የሚፈጥን አላየሁም። በኦገስት ወር ከቢላዋው አንስተው ወደ ቆዳ መግፈፊያው ማሽን አዛወሯት። ዶን ኤቫሪስቶ መመሪያውን አወጡና ሁለቱን ገጽ በአራት ደቂቃ አነበቡላት፤ የደሴታቸው የፖርቶ ሪኮ ስፓኒሽ ደግሞ ሩጫ ነው። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ቀና ብለው ያዩአታል፣ ቶማሳም ራሷን ትነቀንቃለች። ሲጨርሱ «ግልጽ ነው?» አሉ፤ ነቀነቀች። «ፈርሚ» አሉ፤ ፈረመች።

ክብርት ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ። በእኛ ዘንድ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ሲያስረዳ ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል፤ ዝም ብሎ ፊት ፊቱን ማየት ጥጋብ ነው። «አልገባኝም» ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ሽማግሌውን በሰው ፊት «መናገር አትችልም» ብሎ እንደማዋረድ ይቆጠራል። ያልገባው ሰው ይነቀንቅና በኋላ ለብቻው ዘመዱን ይጠይቃል። ቶማሳ እንደ ዘመድ ልትጠይቅ የምትችለው እኔን ነበር። እኔ ግን እንዳርፍ ተነግሮኛል፤ ማሽኑም ወዲያው ተነሳ።

በሴፕቴምበር 22 የዓሣ ቆዳ ማሽኑ ውስጥ ተሰነቀረ። ቶማሳ ቀዩን ቁልፍ ተጫነች። ቀዩ ቁልፍ የዓሣ ማመላለሻ ቀበቶውን እንጂ ጥርስ ያለውን ጥቅልል እንደማያቆመው፣ ለእሱ ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ አውርዶ መቆለፍ እንደሚያስፈልግ፣ በመመሪያው ሁለተኛ ገጽ ላይ በጣም በሚያምር ስፓኒሽ ተጽፏል። እጇን አስገባች። ሦስት ጣቶቿ እስከ ሁለተኛው መገጣጠሚያ ተገፈፉ። ጣቶቹ አሉ፤ መሃለኛው ግን እስካሁን አይታጠፍም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ደረሳት። ደብዳቤው «በአፍ መፍቻ ቋንቋዎ ተሰጥቶዎት በፊርማዎ ያረጋገጡትን የደኅንነት ደንብ እያወቁ በመጣስዎ» ይልና፣ ከሥራ ስለመሰናበቷ ለመወሰን ሰኞ በአራት ሰዓት እንድትቀርብ ያዛል። እንግዲህ መመሪያው በእንግሊዝኛ ብቻ በነበረ ጊዜ ብትጎዳ ኖሮ «አልነገርናትም» ይባል ነበር። ለእርስዎ መሥሪያ ቤት ትጋት ምስጋና ይግባውና ዛሬ ተነግሯታል። ስላካተቷት ጥፋተኛ ለመሆን በቅታለች።

ደብዳቤውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወጥ ቤቷ ተቀምጠን፣ በደህናው እጇ በቆሎ እየፈለፈለች ሰማችኝ። ስጨርስ የያዘችውን በቆሎ አስቀመጠች።

«ምን ላድርግ ታዲያ ናን ኤርሜሊንዳ? ለእሳቸው ለሽማግሌው ፊት ለፊት አልገባኝም ልበል?»

«ማለት ነበረብሽ።»

«እርስዎ ቢሆኑ ይሉ ነበር?»

ወለሉ ላይ የወደቁትን ፍሬዎች ለቀምኩላት። እሷም ፍሬዎቹን እየሰበሰበች፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ «እርስዎስ እዚያው ቆመው አልነበር እንዴ?» አለችኝ።

ክብርት ሆይ፣ ቆሜ ነበር። ያንን ቀን ያስታውሱት ይሆናል፤ እርስዎም ከፎቶግራፍ አንሺው ጋር ነበሩ፣ በስፓኒሽ የተሰጠውን የመጀመሪያ የማሽን ሥልጠና ለመጽሔቱ ለማንሳት። ከቶማሳ ፊርማ ሥር ለድጋፍ ቡድኑ ተወካይ የተተወ አንድ መስመር አለ፤ «ሥልጠናው ለሠራተኛዋ በሚገባት ቋንቋ መሰጠቱን አረጋግጣለሁ» ይላል። እርስዎ የራስዎን እስክሪብቶ ከፍተው አቀበሉኝ፣ ፈገግም አሉልኝ። ቶማሳ ስፓኒሽ እንደማይገባት ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በዚያ አዳራሽ አልነበረም። የዘረጉልኝን እጅ በሰው ፊት መመለስ ግን ነውር መሰለኝ። እኔም ነቀነቅሁ፣ ፈረምኩ። ፎቶው በመጽሔቱ ገጽ አራት ላይ ወጥቷል፤ ከጀርባችን ማሽኑ ይታያል።

ስለዚህ ቅሬታዬን ስዘረዝር አራተኛው ቁጥር የራሴ ስለሆነ በእርስዎ ላይ አልቆጥረውም።

የምጠይቅዎ ጥቂት ነገር ነው። ሰኞ በአራት ሰዓት በሚደረገው ስብሰባ ላይ ከቶማሳ አጠገብ አንድ ወንበር ይፈቀድልኝ። የሚባለውን በኪቼ ልንገራት፤ የምትለውንም ልመልስ። ሥራዋን መልሱላት፤ ወደ ማሽኑ አይሁን፣ ወደ ቢላዋዋ። ከመመሪያው ሽፋን ላይም «በአፍ መፍቻ ቋንቋ» የሚለው ይነሳ ወይም እውነት ይደረግ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የተገለበጠ ሳጥንና ማሽኑ ጠፍቶ የሚቆይበት ሩብ ሰዓት ነው። ሳጥኑ አለን።

እነሆ፣ ለሰጡን ባርኔጣ ሁሉ ራሳችን እስኪበቃ፣ ለሰጡን ስፓኒሽ ሁሉ ጆሯችን እስኪደርስ ድረስ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ ሰኞ ሲመጡ ወፍራም ጫማ እንዲያደርጉ በታላቅ አክብሮት የምመክርዎ፣

ኤርሜሊንዳ ባትስ
የድጋፍ ቡድኑ ጸሐፊ፣ በእርስዎ ፈቃድ እስካሁን

ግልባጭ፦
ለእረፍት ክፍሉ ግድግዳ፣ ከባርኔጣው ፖስተር አጠገብ
ለዶን ኤቫሪስቶ ማልዶናዶ፣ ከይቅርታ ጋር
ለቶማሳ ኢሽኮይ፣ በቃል

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ሐሙስ ከሥራ መልስ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ቃለ ጉባኤው ሳይሟላ እንዳይቀር ግን ዓርብ ጠዋት የሆነውን እጨምራለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ዝናቡ አቁሟል። ወደ ቢሮ ወጥቼ የቶማሳን የሥልጠና ወረቀት ጠየቅሁ። የቢሮው ጸሐፊ አሳየችኝ፤ በተፈረመ ወረቀት ላይ መጻፍ ግን ክልክል መሆኑን ነገረችኝ። ባዶ ወረቀት ለመንኳት፣ ሰጠችኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከቶማሳ ኢሽኮይ ፊርማ ሥር ያረጋገጥኩት እውነት አይደለም። ስፓኒሽ አይገባትም። ስፈርም አውቅ ነበር።» ቀን ያለበት ማኅተም እንድታደርግበት ጠየቅኋት። አነበበችውና ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ማኅተሙን አደረገች። አንዱን ቅጂ ከሥልጠናው ወረቀት ጋር አያያዘች፣ ሌላውን አጥፌ በሽርጤ ኪስ ከተትኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዶን ኤቫሪስቶ ሁላችንን በቆዳ መግፈፊያው ዙሪያ ሰበሰቡን። ከቶማሳ ጉዳት በኋላ የወጣ አዲስ ወረቀት አነበቡ። አንድ ገጽ ነው፣ በስፓኒሽ፤ ማጥፊያውን አውርዱ፣ ቆልፉ፣ ቁልፉን ለፈረቃው ኃላፊ ስጡ ይላል። «ግልጽ ነው?» አሉ። ሁሉም ነቀነቀ።

እጄን አወጣሁ። «ዶን ኤቫሪስቶ፣ አልገባንም» አልኩ።

«አንቺማ ገብቶሻል ኤርሜሊንዳ።»

«ለእኔ ገብቶኛል። ለናን ካታሪና ግን አልገባቸውም፤ ዛሬ ማሽኑ ላይ የሚቆሙት እሳቸው ናቸው።»

ቼላ ከኋላ «በስማም፣ ይቺ ሴትዮ ድምፅ አላት እንዴ!» አለች። ሰዉ ሳቀ። ዶን ኤቫሪስቶ ፊታቸው ቀላ። ወረቀቱን አንዴ አዩት፣ ናን ካታሪናን አንዴ አዩአቸው፣ ሳጥን በእግራቸው ገለበጡና «እሺ፣ ንገሪያቸው» አሉ።

ወጣሁ። ሳጥኑ ላይ ቆሜ በኪቼ ነገርኳቸው። ናን ካታሪና ሦስት ነገር ጠየቁ። ማጥፊያው የትኛው እንደሆነ ጠየቁ፤ ዶን ኤቫሪስቶ አሳዩአቸው። ስንት የመቆለፊያ ቁልፍ እንዳለ ጠየቁ፤ አንድ እንደሆነ ነገሩአቸው። ከዚያም ቁልፉን የያዘው ሰው ለምሳ ወጥቶ ሳለ ቆዳ ቢሰነቀር ማን እንደሚጠራ ጠየቁ። ተረጎምኩት። ዶን ኤቫሪስቶ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ገልብጠው ጀርባውንም አዩት። ጀርባው ባዶ ነበር።

«ቆዩ፣ ልጠይቅ» ብለው ወደ ቢሮው ወጡ። ማሽኑን ሳንነካ ጠበቅናቸው።